እንኳን ነገርሽኝ

ሸማኔ ሥራ ላይ እያለ እግር የለውም። እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሁለቱ እግሮቹ ከታች መርገጫውን እየተፈራረቁ ይረግጣሉ፤ ሁለቱ እጆቹ ከላይ መወርወሪያዋን ከግራ ወደ ቀኝ ይቀባበሏታል። ደጅ ላይ የፈለገው ቢመጣ፣ በግ ማሳ ቢገባ፣ እንግዳ ቢጣራ፣ ዘሎ ሊነሣ አይችልም። ሥራ ያልያዘው ምላሱ ብቻ ነው።

ጋሽ ውባየሁን ደግሞ እግዜር ሲፈጥራቸው በምላስ በኩል አልሰሰተባቸውም።

ቤታቸው ከሞላሌ ከተማ በስተላይ ነው፤ ነፋሱ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ በቀጥታ የሰው አጥንት ውስጥ ከሚገባበት ቦታ። እንዲህ ባለ አገር ባና የሚሠራ ሰው ሥራ አይፈታም። ከበግ ጸጉር የተፈተለውን ክር እየወረወሩ ያን ወፍራም ብርድ ልብስ ሲሠሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። የጋሽ ውባየሁ ባና ከባለቤቱ ዕድሜ ይበልጣል ይባላል፤ ይህን የሚሉት ግን በአብዛኛው እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ነበሩ። ከዚያ ልጃቸው ትሕትና ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብታ በፈረቃ መሥራት ስትጀምር፣ የሦስት ዓመት ልጇን ጽናትን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ እስክደላደል ድረስ ነው» አለች። መደላደል የሚባለው ነገር ደግሞ ቶሎ አይመጣም፤ ልጅቷ እዚያው አምስት ዓመት ሞላት። እንዲህ ሆነና እግር የሌለው ሰውና ከእግር በቀር ምንም የሌላት ልጅ አንድ ግቢ ገጠሙ።

ጽናት አንድ ቦታ አትቀመጥም። አሁን ካቡ ላይ ናት፤ አሁን ገብስ ክምሩ ሥር፤ አሁን ገደሉ አፋፍ ቆማ ወደ ታች ድንጋይ ትወረውራለች። ሽማግሌው ከጉድጓዳቸው ሆነው በተከፈተው በር በኩል ያዩዋታል። ተነሥተው ሊይዟት አይችሉም፤ ስለዚህ በእግራቸው ፈንታ ምላሳቸውን ይልካሉ። ለእያንዳንዱ ጥፋት የተዘጋጀ ማስፈራሪያ ነበራቸው። ገደሉን ስትጠጋ፣ «ዋ! አያ ጅቦ ከሥር አፉን ከፍቶ ይጠብቅሻል!» ስታለቅስ፣ «ዝም በይ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም!» መልስ ስትመልስ፣ «ለቄሱ ነግሬ ምላስሽን ባላስቆርጠው!» ከሁሉ የሚሠራው ግን የውሻው ነበር። ጽናት ውሻ ትወዳለች፤ የማንም ይሁን የማን፣ ውሻ ካየች ቆሎዋን ልታካፍል ትሮጣለች። ያን ጊዜ ጋሽ ውባየሁ መወርወሪያዋን ከፍ አድርገው ያሳዩአታል። ስንዝር ያለፈች፣ ጫፏ የሾለ፣ በእጅ ብዛት ያብረቀረቀች እንጨት ናት።

«ውሻ ጋ ብትደርሺ ለፀደንያ ነግሬ በመርፌ አስወጋሻለሁ! መርፌዋ ይቺን ታክላለች!»

ፀደንያ የቀበሌው የጤና ሠራተኛ ናት፤ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን የምታይ፣ ሳቂታ ልጅ። ለጽናት ግን መወርወሪያ የሚያህል መርፌ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የምትዞር ሴት ነበረች። ፀደንያ በአጥሩ በኩል ብቅ ስትል ልጅቷ ጸጉር ከተከመረበት ጥግ ገብታ ትንፋሿን ትይዛለች። ሽማግሌው ይስቃሉ። «አየሽ፣ አንቺን ነው የምትፈራው፤ እኔንማ ከቁብም አትቆጥረኝ» ይሏታል። ፀደንያ አትስቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበሩም። እጃቸውን በልጅ ላይ አንሥተው አያውቁም፤ ጽናት የምትተኛበትን ባና ራሳቸው መርጠው፣ ከሁሉ ለስላሳውን ነው የሰጧት። እሳቸውም ያደጉት እንዲሁ በጅብና በቄስ እየተስፈራሩ ነው፤ ትሕትናንም ያሳደጉት እንዲሁ ነው። በዚያ አገር ልጅ ያላስፈራራ ሰው ቢፈለግ ገና ያልወለደ ሰው ነው የሚገኘው።

አንድ ቅዳሜ በኅዳር፣ ጋሽ ውባየሁ ባና ይዘው ሞላሌ ገበያ ወጡ። ጽናትን ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ይመኙሻል አደራ ሰጡ። ይመኙሻል ክራቸውን የምትፈትልላቸው ሴት ናት፤ እንዝርት ከያዘች ዓለም ቢገለበጥ አትሰማም። ማታ ሲመለሱ ልጅቷ ዝም ብላ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ደስ አላቸው፤ «ዛሬስ ሰው ሆነሻል» አሏት።

ማክሰኞ ዕለት ይመኙሻል የፈተለችውን ክር ይዛ መጣችና ወሬ ነገረቻቸው። ታችኛው መንደር አንድ ጥቁር ውሻ አብዶ፣ ሁለት በግና አንድ አህያ ነክሶ፣ ሰዎች በድንጋይ ገደሉት። ቅዳሜ ዕለት በኛም በኩል አልፏል ይባላል አለች።

ጋሽ ውባየሁ እግራቸው መርገጫው ላይ ቀጥ አለ። «ጽናት!» ብለው ጮኹ። ልጅቷ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ጥቁር ውሻ ነክሶሻል? ዋ! ነክሶሽ ከሆነ ዛሬውኑ ፀደንያን ነው የማስጠራልሽ!» አሉ፤ እጃቸውም ለልማዱ መወርወሪያዋን ከፍ አደረገ።

ጽናት መወርወሪያዋን አየች። «አልነከሰኝም፣ አባባ» አለች።

«ተመስገን» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የጠየቁ መስሏቸው ነበር። መልሱን ግን ከጥያቄያቸው ጋር አብረው ሰጥተዋት ነበር፤ ይህን የተረዱት በማግሥቱ ነው።

ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከመሬት ብዙም አይርቅም። ትልቅ ሰው ሲመጣ የሚያየው ጉልበት ነው፤ ልጅ ስትመጣ ደግሞ ቅልጥሟን። ረቡዕ ጠዋት ጽናት ውሃ በጣሳ ይዛላቸው ገባች፤ ስታቀብላቸው ቀሚሷ ከግራ እግሯ ላይ ተገለጠ። ቅልጥሟ በክር ተጠቅልሏል። ለባና ጠርዝ ያስቀመጡት ቀይ ክር ነው፤ ከእሑድ ጀምሮ ጠፍቶባቸው አይጥ ነው ብለው ነበር። ክሩ ሥር እግሯ አብጧል።

ጣሳው ከእጃቸው ወደቀ። ከጉድጓዱ እንዴት እንደወጡ አያውቁትም፤ ግማሽ የተሠራው ባና ላይ ጭቃ እግራቸውን አሳርፈው ነበር የዘለሉት። ጽናት ግን ቀድማቸው ሮጣ ጸጉሩ ክምር ውስጥ ገባች። «ነይ ውጪ!» ሲሉ ጠልቃ ገባች። ሲለማመጧት ጭራሽ ዝም አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ምላሳቸው አዝዞ የሚያስገባና የሚያስወጣ ይመስላቸው ነበር፤ ያን ቀን ማስገባት ብቻ እንደሚችል አዩ።

ሮጠው ይመኙሻል ዘንድ ሄዱ፤ እሷም ስልክ ደውላ ፀደንያን ጠራቻት። ፀደንያ ስትመጣ ቦርሳዋን ደጅ ካቡ ላይ አስቀምጣ፣ ባዶ እጇን ገባች። ወደ ክምሩም አልተጠጋችም፤ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች።

«ጽናት፣ መርፌ አልያዝኩም፤ እጄን ማየት ትችያለሽ» አለች። ከቆየች በኋላ ደግሞ፣ «ያን ቀይ ክር ማን አሰረልሽ?» አለቻት።

ከክምሩ ውስጥ ድምፅ መጣ። «እኔ።»

«ብቻሽን? ደሙን እንዲያቆም ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«ቀዩን ለምን መረጥሽ?»

«ደሙ እንዳይታይ።»

ጋሽ ውባየሁ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ይህን ሲሰሙ መሬት ላይ ተቀመጡ። አምስት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ካስተማሯት ሁሉ መደበቅን ነው አጥርታ የያዘችው።

«ምን እንደነካሽ ብትነግሪኝ ልረዳሽ እችላለሁ» አለች ፀደንያ። «እኔ አልቆጣሽም። አባባም አይቆጡሽም። ጋሼ፣ እስኪ እርስዎም ይበሏት።»

ያ ሁሉ ምላስ የነበራቸው ሰውዬ፣ ጅቡንና ቄሱን ለመጥራት አንድም ቀን ቸግሯቸው አያውቅም፤ ይህ ቃል ግን በአፋቸው አልፎ ስለማያውቅ መንገዱን አላወቀውም። «አል…» አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አልቆጣሽም፣ ልጄ» አሉ።

ክምሩ ተንቀሳቀሰና መጀመሪያ ጸጉር የተለጠፈበት ራስ፣ ቀጥሎ ፊት ወጣ። ቅዳሜ ነው አለች ጽናት። ጥቁሩ ውሻ ነው። ቆሎ ልሰጠው ብዬ ነው። ምራቁ ይንጠባጠብ ነበር። አልጮኽኩም፤ ብጮኽ እትዬ ይመኙሻል ለባለመርፌዋ ትነግርብኛለች።

«እንኳን ነገርሽኝ» አለቻት ፀደንያ።

እንኳን የምትለው ቃል ለጋሽ ውባየሁ አዲስ አይደለችም። ዓመት በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰህ ይላሉ፤ ጎረቤት ሲወልድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላሉ፤ ከመንገድ ለመጣ እንኳን ደህና መጣህ። ጥፋቷን ለተናገረች ልጅ ግን ሰው እንኳን ሲል ሰምተው አያውቁም። ልጅቷ ትከሻዋ ሲወርድ፣ ፊቷ ሲፈታ አዩ።

ፀደንያ እግሯን በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል አጠበችላት፤ ሽማግሌው ውሃውን ከእንስራ እየቀዱ ያንቆረቁሩላት ነበር። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸውና እውነቱን ነገረቻቸው። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱን ካሳየ መድኃኒት የለውም። ምልክቱ ሳይመጣ ክትባቱ ከተጀመረ ግን ይከላከላል፤ አራት ቀን ቢያልፍም ጊዜው አልመሸም።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ ነው፣ ጋሼ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ደብረ ብርሃን ይሂዱ። ደግሞ መርፌው አንድ አይደለም፤ ወሩን ሙሉ እየተመላለሰች አምስት ጊዜ ነው የምትወጋው። አንዱን ቀን በግድ ይዛችሁ ታስወጓት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከሸሸቻችሁስ? መደበቅ እንደሆነ አሳምራ ታውቅበታለች።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ምን ልበላት?»

«አያምምም አይበሏት፤ ያማል። ከተወጋች በኋላ ዳግመኛ አታምንዎትም። ያለውን በአጭሩ ይንገሯት። ከሁሉ በፊት ቅጣት እንዳልሆነ ይንገሯት።»

ሐሙስ ማለዳ ሞላሌ ላይ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከመሳፈራቸው በፊት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ነበር፤ ቄሱም ጸበል ረጭተው፣ «ሐኪምንም የፈጠረው እሱ ነው፤ አትዘግዩ» ብለው ነበር የሸኟቸው። ጽናት መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ መኪና ስትሳፈር ትዝ የሚላት የመጀመሪያዋ ነው፤ ገደሉን፣ በጎቹን፣ የገብሱን ማሳ እያየች ደስ ብሏታል። ጋሽ ውባየሁ ከአጠገቧ ላብ ያሰጥማቸዋል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚሉት እንደሳቸው ያለውን ነው። መጀመሪያ ከረሜላ እገዛልሻለሁ ሊሏት ፈለጉ፤ ተዉት። ቀጥሎ እናትሽን ልናይ ነው ብለው ሊያታልሏት አሰቡ፤ ግማሹ እውነት ነበረና አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መለሱት።

«ጽናት» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ዋሽቼሽ ነበር።»

ልጅቷ ከመስኮቱ ዞረች። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል ሰምታ አታውቅም።

«መርፌ ቅጣት ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። መርፌ መድኃኒት ነው። ውሻው ታሞ ነበር፤ በሽታው ወዳንቺ እንዳይመጣ ዛሬ ትወጊያለሽ። ትንሽ ያማል። እኔ ይዤሻለሁ።»

ጽናት ፊቷ ጠቆረ፤ እንባዋ መጣ። አሁን ትጮኻለች ብለው ሲጠብቁ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ጅቡስ?»

«የቱ ጅብ?»

«ከገደሉ ሥር ያለው። እሱም ውሸት ነው?»

ሽማግሌው ተቸገሩ። «ጅብስ አለ» አሉ። «ግን በኔ ትእዛዝ አይመጣም። ገደሉን አትጠጊ የምልሽ እንዳትወድቂብኝ ነው።»

«ቄሱስ ምላስ ይቆርጣሉ?»

ከፊት ወንበር ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ቄሱ ምላስ አይቆርጡም» አሉ ጋሽ ውባየሁ፣ እንዲሰማላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንኳን ሊቆርጡ፣ መቁረጫም የላቸው።»

ጽናት ብዙ አሰበች። ከዚያ ራሷን ክንዳቸው ላይ አሳረፈች። ደብረ ብርሃን እስኪደርሱ ያንን ክንድ አላንቀሳቀሱትም።

ትሕትና ከፈረቃ አስፈቅዳ መናኸሪያ ጠብቃቸው ነበር። ሐኪም ቤት ሲገቡ ልጅቷ የአያቷን ጣት እንደያዘች ነው። ነርሷ መርፌውን ስታወጣ ጽናት አንገቷን አስግጋ አየችው፤ ከዚያ አያቷን አየች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«መወርወሪያዋን አታክልም።»

«አታክልም» አሉ፤ አፈሩ። «እሱንም ዋሽቼሽ ነው።»

ስትወጋ ግን አለቀሰች። ጽናት ብላ ስም ያወጣችላት እናቷ ወድዳ ነው እንጂ ልጅ ልጅ ነው። ጋሽ ውባየሁ ወደ ደረታቸው አስጠግተው ያዟት። ዝም በይ የምትለዋ ቃል ለልማዷ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣች፤ ዋጧት። «አልቅሺ» አሉ። «አልቅሺ ልጄ፤ ያማል። ይዤሻለሁ።» ልቅሶውም ሳይታሰብ አጭር ሆነ።

ከጀርባቸው ሌላ ሰው ሲያለቅስ ሰሙ። ዞር ሲሉ ትሕትና ናት፤ ሰላሳ ዓመት የሞላት ሴት ግድግዳ ተደግፋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

«ለኔ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም፣ አባዬ» አለች።

«አላውቀውም ነበር፣ ልጄ» አሉ። በአንድ እጃቸው ጽናትን እንዳቀፉ ሌላውን እጃቸውን ዘረጉላት፤ እሷም ነርሷ እያየች መጥታ ትከሻቸው ላይ ወደቀች። በኋላ ሲያወሩ፣ ያን ቀን ሐኪም ቤት ይዤ የሄድኩት አንድ ልጅ ነበር፤ ያዳንኩት ግን ሁለት ነው ይላሉ። ቀጥለውም ያዳኗቸው እነሱ እንጂ እኔ አይደለሁም ብለው ራሳቸውን ያርማሉ።

ወሩን የትሕትና ኪራይ ቤት ከረሙ። ጽናት የቀሩትን አራት ቀጠሮዎች በገዛ እግሯ ሄደች፤ በሦስተኛው ቀጠሮ እንዲያውም እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች። ሽማግሌው ግን ፍርሃታቸው አልለቃቸውም ነበር። ያን በሽታ የያዘው ሰው ውሃ እንደሚፈራ ያውቃሉ። ስለዚህ በየማለዳው ለልጅቷ ውሃ በኩባያ ቀድተው ይሰጧታል፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው፣ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ። ኩባያው ባዶ ሲሆን «ተመስገን» ይላሉ። ጽናት ውሃ መጠጣት ይህን ያህል ጉብዝና መሆኑ ገርሟት፣ አንዳንዴ ሁለት ኩባያ ትደግምላቸው ነበር። ወሩ አለፈ። ሦስት ወር አለፈ። ፋሲካ መጣ። ጽናት ውሃ ጠጣች።

ፀደንያ ዘንድ ግልገል ይዘው ሄዱ። አልቀበልም አለች፤ ግድ አሏት፤ እንደገና እንቢ አለች። ቢቸግራቸው በቀጣዩ ጥቅምት ብርዱ ሲገባ ባና ሠርተው፣ ቤቷ በር ላይ ጥለውላት ሄዱ።

ከደብረ ብርሃን ከተመለሱ ወዲህ ጋሽ ውባየሁ ሌላ ሰው ሆኑ ማለት ውሸት ነው። ስድሳ ዓመት የለመደ ምላስ በአንድ ወር አይታጠፍም። አንዳንድ ቀን «ዋ!» ብለው ይጀምሩና፣ ጽናት በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው፣ «ዋ… ዋናው ነገር በዝግታ ሂጂ» ብለው ይጨርሱታል። ፀደንያ በመንገዷ ስታልፍ ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም እንደ ተማሪ ይመልሱላታል። አትሩጪ ማለት ትቼ ቀስ ብለሽ ሂጂ እላለሁ፤ ምን ያስለቅስሻል ማለት ትቼ ምን ሆንሽ እላለሁ፤ አንቺ ደደብ ማለቱን ግን ለበጎቹ አስቀርቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከራሳቸው አወጡ። ጽናት ልታወራቸው ስትመጣ ከጉድጓዱ መውጣት ካልቻሉ፣ ዝም በይ ከማለት ቀይ ክር ይቆርጡና ካልተሠራው ድር ላይ፣ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው ያስሩታል። «ሥራው እዚህ ክር ሲደርስ እወጣና እሰማሻለሁ» ይሏታል። ልጅቷም ቁጭ ብላ ባናው ወደ ክሩ ሲጠጋ ታያለች። ሲደርስ ይወጣሉ። አንድም ቀን አላሳለፉም፤ በብርድም፣ ሥራ በተቻኮለበትም ቀን። የዚያ ዓመት ባናዎች ጠርዝ ላይ አልፎ አልፎ ቀይ ክር ይታያል። ገዢዎች ምንድነው ሲሏቸው «ወሬ ነው» ይላሉ።

ዘንድሮ በጥር፣ አቶ መኳንንት የሚባሉ ሰው ለልጃቸው ሠርግ ትልቅ ባና አዘዙ። ጥቁርና ነጭ፣ ጋሽ ውባየሁ በዕድሜያቸው ከሠሩት ሁሉ የሚያምር። ዓርብ ዕለት ጨርሰው፣ አጥፈው መደብ ላይ አኖሩትና ሌላ ድር ጀመሩ። ባለቤቱ እሑድ ሊወስዱት ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጽናት መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ቁመቷ ጨምሯል፤ እሳቸው ካሉበት ግን አሁንም ፊት ለፊት የሚታየው ቅልጥሟ ነው፤ ጠባሳውም እዚያው አለ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ።»

እጃቸው ወደ ቀዩ ክር ሄደ። «ክር አልፈልግም፤ አሁን ነው» አለች። ድምጿ ቀጥኗል። «ድመታችን በርዷት ነበር። ካባ ልሠራላት ብዬ ከባናው ትንሽ ቆረጥኩ። ትንሽ ነው ብዬ ነበር። ትንሽ አይደለም።»

የትኛው ባና ብለው አልጠየቁም፤ መደብ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። የሦስት ሳምንት ሥራ፣ የሰው ሠርግ፣ የአርባ ዓመት ስም። የቆየው ቃል ሁሉ ጉሮሯቸው ላይ ተሰልፎ መጣ፤ ጅቡም፣ ቄሱም፣ ከዚያም የባሰው። ለካስ የትም አልሄደም፤ ሲጠሩት ነበር የሚጠብቀው። ዓይናቸው ግን ጠባሳው ላይ ነበር። ያን ቀን ይቺው ልጅ እዚሁ ቆማ፣ አልነከሰኝም አባባ ብላቸው ነበር። ዛሬ ማንም ሳይጠይቃት መጥታለች።

መወርወሪያዋን አስቀመጡ። ጉድጓዱን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ወጡና እንደ እሷ ቁመት እስኪሆኑ በርከክ አሉ።

«እንኳን ነገርሽኝ» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ ግን ከልባቸው ነው።

ጽናት ፊታቸውን አጥንታ አየች፤ እውነት መሆኑን ስታረጋግጥ ትልቅ ትንፋሽ አወጣች።

«መቀሱም ተሰብሯል» አለች። «የእትዬ ይመኙሻል ነው። ሳልጠይቃት ነው የወሰድኩት።»

ጋሽ ውባየሁ መሳቅ ጀመሩ፤ ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ እንባቸው ሲወርድ ሳቃቸው ባሰ። ልጅቷም ግራ ገብቷት አብራ ሳቀች። ባናውን በኋላ ያስቡበታል፤ የተቆረጠውን ተርትረው፣ አዲስ ጠርዝ ሠርተው፣ አቶ መኳንንትን ጥቂት ቀን ይለምኗቸዋል። የሠርጉ ቀን ገና ነው። አሁን ግን ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና እጃቸውን ዘረጉላት።

«ነይ፣ ለይመኙሻል አብረን እንንገራት።»

ጽናት እጃቸውን ያዘች፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆመች።

«ትቆጣለች?»

«ትንሽ ትቆጣ ይሆናል» አሏት። «እኔ ይዤሻለሁ።»